ቤዚክ ፒች፦ ጆሮው ደህና ነው፣ ምት ግን አይቆጥርም

ከድምፅ ቅጂ ላይ እየሰሙ ኖታ መጻፍ ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነው። የሦስት ደቂቃ የፒያኖ ጨዋታ አራት አምስት ባር ወደ ኋላ እየመለሱ ሲጽፉት ቀኑ ሊመሽ ይችላል። ስፖቲፋይ በ2022 እ.ኤ.አ. በክፍት ምንጭ የለቀቀው ቤዚክ ፒች ይህንኑ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየታገዘ በደቂቃ ውስጥ ለመሥራት የመጣ መሣሪያ ነው። ይሠራል? ግማሹን። የትኛውን ግማሽ እንደሚሠራ አውቆ የገባ ሰው ብዙ ይጠቀምበታል፤ «ኤምፒ3 አስገብቼ የሚታተም ኖታ አወጣለሁ» ብሎ የገባ ግን በመጀመሪያው ገጽ ላይ የኖታ ጫካ አይቶ ይዘጋዋል።

የሚሠራው ግማሽ መስማቱ ነው። የድምፅ ፋይል ይቀበላል፤ ዌቭ፣ ኤምፒ3፣ ፍላክ፣ ኦግ ወይም ኤም4ኤ ቢሆን ግድ የለውም። የሚመልሰው የሚዲ ፋይል ነው፦ የትኛው ድምፅ፣ መቼ ጀመረ፣ መቼ አበቃ፣ ምን ያህል ጠነከረ። ሁለት ድምፅ ቢደራረብም፣ ኮርድ ቢመታም ይለያል። ፒያኖ ነው፣ ጊታር ነው፣ ዋሽንት ነው ብሎ አይጠይቅም፤ የመሣሪያ ምርጫ የለውም። ከሁሉ የሚያስገርመው ትንሽነቱ ነው። በውስጡ ያለው የነርቭ መረብ ወደ 17,000 ገደማ መለኪያዎች (በሥልጠና የሚስተካከሉ ቁጥሮች) ብቻ ነው ያሉት፤ በዘርፉ በሚሊዮን የሚቆጠር የተለመደ ስለሆነ ይህ እዚህ ግባ የማይባል ነው። ስለዚህም ኃይለኛ ኮምፒውተር ሳያስፈልግ በአሳሽ ውስጥ ይሠራል። ድረ ገጹ ላይ ፋይሉን ጎትቶ መጣል ይበቃል። ቅንብሩን ሁሉ በእጁ ማድረግ የሚፈልግ ደግሞ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተዘጋጀውን ጥቅል ይጭናል። በሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ውስጥ መሥራት ለሚቀለው፣ ይህንኑ ሞዴል ይዞ ሌሎች ያዘጋጁት ኒውራልኖት የሚባል ነፃ ፕለጊን አለ።

ውስጡ ምን እንደሚደረግ በጥቂቱ ማወቅ ይጠቅማል፤ ስህተቶቹ ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጡት። የገባውን ድምፅ መጀመሪያ ወደ አንድ ቻናል ይደርበዋል፣ ከዚያም በሰከንድ ወደ 22,050 ናሙና ያወርደዋል። በግራና በቀኝ ተለያይተው የተቀዱ መሣሪያዎች እዚህ ላይ ይቀላቀላሉ፤ የስቴሪዮ መለያየት ምንም አይረዳውም ማለት ነው። ቀጥሎ ድምፁን 11.6 ሚሊሰከንድ ገደማ እየቆራረጠ በእያንዳንዷ ቁራሽ ሦስት ነገር ይገምታል፦ ኖታ እዚህ ተመቷል ወይ፣ ኖታ እዚህ እየጮኸ ነው ወይ፣ ትክክለኛው ከፍታው የት ላይ ነው። የመጨረሻው ግምት ከግማሽ ድምፅ ሲሶ ድረስ ይወርዳል፤ ስለዚህ የጊታር ክር ሲሳብ ወይም ድምፃዊ ሲያንሸራትት መንገዱን በሚዲው ውስጥ ይጽፈዋል።

ከመጀመሩ በፊት

ውጤቱ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ፋይሉ ከመግባቱ በፊት ነው። ሙሉ ባንድ የተጫወተበትን ዘፈን እንዳለ ማስገባት ከንቱ ድካም ነው። የሲምባል ጩኸት በሁሉም ድግግሞሽ ላይ ስለሚረጭ የሌሉ ኖታዎችን ይወልዳል፤ ቤዙና ጊታሩ አንድ ላይ ሲመቱ ማን ምን እንደተጫወተ ይጠፋል። የሚወጣው ሚዲም ሁሉንም በአንድ ትራክ ላይ ያጭቃል።

መፍትሔው መሣሪያዎቹን አስቀድሞ መለየት ነው። ለዚህ የሜታ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት ዲሙክስ ጥሩ ምርጫ ነው፤ እሱም በነፃ ይገኛል። የተለመደው ሞዴሉ ዘፈኑን በአራት ይከፍላል፦ ድራም፣ ቤዝ፣ የሰው ድምፅና የቀረው ሁሉ። ጊታርና ፒያኖን ጨምሮ በስድስት የሚከፍልም አለ፤ የፒያኖው ክፍል ግን ንጹሕ እንዳልሆነ አዘጋጆቹም አይክዱም፣ ሲሰሙትም ያስታውቃል። ድራሙን ወደ ቤዚክ ፒች ማስገባት አያስፈልግም፤ መሣሪያው የተሠራው ከፍታ ላለው ድምፅ ነው። ቤዙንና የሰውን ድምፅ ለየብቻ ማስገባት ከሁሉ የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ በአብዛኛው አንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ ስላላቸው።

ቀጥሎ ቅኝቱ ይታያል። ቤዚክ ፒች የሚወስደው ሚዛን ኤ 440 ሄርዝ የሆነበትን፣ አንድ ኦክቴቭ (የአንድ ድምፅ ድግግሞሽ እጥፍ እስኪሆን ያለው ርቀት) በ12 እኩል የተከፈለበትን ነው። ቅጂው ከዚያ 10 ወይም 15 ሴንት (የግማሽ ድምፅ መቶኛ) ቢርቅ ችግር የለም። በ432 የተቃኘ መሣሪያ 32 ሴንት ገደማ ዝቅ ይላል፤ ይህም በአብዛኛው ያልፋል። ወደ 50 ሴንት ሲጠጋ ግን ድምፁ በሁለት ቁልፎች መካከል ይቀመጣል፤ አንዴ ታችኛውን አንዴ ላይኛውን እየመረጠ አንዱን ኖታ በሁለት ይሰነጥቀዋል። ከድሮ ካሴት የተገለበጡ ቅጂዎች እዚህ ላይ ነው የሚወድቁት፦ ቴፑ 3 በመቶ ብቻ ፈጥኖ ከዞረ ከፍታው 51 ሴንት ያህል ይንሸራተታል፣ ይህም ከሁሉ የከፋው ቦታ ነው።

ረዘም ያለ አንድ ኖታ በቲውነር (በቅኝት መለኪያ) ለክቶ ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማረሚያ ሶፍትዌር ማስተካከል ይቻላል፤ ግን ሁለት ዓይነት ማስተካከያ እንዳለ ልብ ይበሉ። ጥፋቱ የቴፕ ፍጥነት ከሆነ ፍጥነቱን ራሱን መቀየር ያስፈልጋል፤ ከፍታውም ቴምፖውም (የምቱ ፍጥነት) አብረው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ባንዱ ሆን ብሎ ዝቅ አድርጎ ከቃኘ ደግሞ ፍጥነቱን ሳይነኩ ከፍታውን ብቻ ማንሳት ነው። ይህ ሥራ ቴምፖ ከመለካቱ በፊት መጠናቀቅ አለበት፤ አለዚያ ልኬቱ ከንቱ ይሆናል።

ሪቨርብ የበዛበት ቅጂ ሌላ ጣጣ ነው። ጣት ከተነሣ በኋላ የሚቆየውን ማሚቶ መሣሪያው ኖታው አሁንም እየተጫወተ እንደሆነ አድርጎ ይሰማዋል፤ ኖታዎቹ ይረዝማሉ፣ ይደራረባሉ፣ የኖታ ጽሑፉም በማያያዣ ቅስት ይሞላል። ቀረጻው በራስዎ እጅ ከሆነ ማይኩን ማስጠጋትና ኤፌክቱን ማጥፋት ከማንኛውም ቅንብር ይበልጣል።

አራቱ መቆጣጠሪያዎች

ቤዚክ ፒችን ከብዙ «ጫንና ጠብቅ» ድረ ገጾች የሚያስበልጠው ቅንብሩን መንካት መቻሉ ነው። በፓይተን ጥቅሉ ላይ የመጀመሪያው የጅማሬ ገደብ ነው፤ ሲጫን 0.5 ላይ ይገኛል። ኖታ ተመታ ለማለት ምን ያህል እርግጠኛ መሆን እንዳለበት የሚወስን ነው። በጣም ከፍ ከተደረገ አንድ ቁልፍ በተከታታይ አራት ጊዜ ሲመታ አንድ ረጅም ኖታ ሆኖ ይወጣል። በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ የድምፃዊው መንቀጥቀጥ ሁሉ አዲስ ምት እየመሰለው አንዱን ኖታ ይከታትፈዋል። ሁለተኛው፣ 0.3 ላይ የተቀመጠው፣ ኖታው እየጮኸ ነው ለማለት የሚፈለገው እርግጠኝነት ነው። ከፍ ሲል የኖታው ጭራ ይቆረጣል፤ ዝቅ ሲል ማሚቶውና ጥላው (ከእውነተኛው ኖታ ጋር የሚሰማ የሐሰት ኖታ) ሁሉ ኖታ ይሆናል። ለንጹሕ የፒያኖ ቅጂ 0.5 እና 0.3 እንዳሉ መተው ይበቃል። ከዲሙክስ ለወጣ፣ የሌላ መሣሪያ ድምፅ ለሚያፈስ ትራክ 0.6 እና 0.4 የተሻለ መነሻ ነው። አንድ ጊዜ አንዱን ብቻ፣ በ0.05 በ0.05 መነካካት ይሻላል፤ ሁለቱን አብሮ ያንቀሳቀሰ ሰው የትኛው ምን እንዳደረገ አያውቅም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማይነካው፣ ግን ብዙ ኖታ የሚበላው ነው። የአጭሩ ኖታ ርዝመት በፓይተን ጥቅሉ 127.7 ሚሊሰከንድ ተደርጎ ነው የሚመጣው፣ ማለትም 11 ቁራሽ። አሁን ያስሉት፦ በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ሙዚቃ ሩብ ኖታ 500 ሚሊሰከንድ ነው፣ አሥራ ስድስተኛው 125። ከገደቡ በታች ነው! ፈጣኑ ሩጫ ሁሉ ሳይጻፍ ይቀራል፤ ተጠቃሚውም መሣሪያው እንዳልሰማ ያስባል። ሰምቷል፣ ግን አጭር ነው ብሎ ጥሎታል። ደንቡ ቀላል ነው፦ በሙዚቃው ውስጥ ያለውን አጭሩን ኖታ በሚሊሰከንድ አስልቶ ግማሹን መስጠት። ለዚህኛው 60 ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ማውረድ ደግሞ የጣት ኮሽታን ኖታ ያደርጋል።

አራተኛው የድግግሞሽ ወሰን ነው፤ እዚህ ላይ ስስት አያስፈልግም። የጊታር የታችኛው ክር 82.4 ሄርዝ ነው፣ የቤዝ ጊታር 41.2። ለጊታር ትራክ ከ80 በታች ያለውን መዝጋት፣ ለቤዝ ትራክ ከ400 በላይ ያለውን መዝጋት ብዙ ውዳቂ ያስቀራል፤ ቤዙ ወደ ላይ ወጥቶ ሶሎ የሚጫወትበት ቦታ ከሌለ በስተቀር። ፒያኖ ከ27.5 እስከ 4,186 ሄርዝ ስለሚሄድ ለሱ መዝጋት ብዙም አይጠቅምም።

ከነዚህ ሌላ ሜሎዲያ የሚል ማብሪያና ማጥፊያ አለ። ሲበራ፣ የጠራ ጅማሬ የሌላቸውን ኖታዎች በሁለተኛ ዙር ይለቅማል። ለስላሳ ለሚጀምር የቫዮሊን ወይም የሰው ድምፅ ይጠቅማል። ለፒያኖና ለሚነዘር ክር ግን የሚለቅመው በአብዛኛው ጥላ ነው፤ ማጥፋት ይሻላል።

የኦክቴቭ ጥላ

በጣም የተለመደው ስህተት የሚመጣው ከድምፅ ተፈጥሮ ነው። 110 ሄርዝ ላይ ያለ ኤ ሲመታ 220፣ 330፣ 440 እና 550 አብረው ይጮኻሉ። እነዚህ ሃርሞኒኮች ናቸው፤ የመሣሪያው ቃና የሚፈጠረው በእነሱ ነው። ሞዴሉ እነሱን ከዋናው ጋር አዋህዶ እንዲሰማ ቢሠለጥንም ሁልጊዜ አይሳካለትም። ስለዚህ የሐሰት ኖታ የት እንደሚፈለግ አስቀድሞ ይታወቃል፦ ከእውነተኛው በላይ በ12 ወይም በ19 ሰሚቶን (ግማሽ ድምፅ)፣ አብሮ ጀምሮ፣ ቀድሞ የሚያልቅ፣ ጥንካሬውም ያነሰ። በሚዲ ማስተካከያ መስኮት ውስጥ ኖታዎቹን በጥንካሬ ለይቶ ደካሞቹን ማድመቅና እነዚህን ቦታዎች ብቻ ማየት ከሙሉ ገጹ ጋር ከመታገል ያድናል። በጅምላ መሰረዝ ግን አደጋ አለው፤ ፒያኖ ተጫዋች በእውነት ኦክቴቭ ሊመታ ይችላል፣ በዜማውና በቤዙ መካከል ያሉት ኖታዎችም ብዙ ጊዜ ደካማ ናቸው።

ለማጣራት አመቺው መንገድ ዋናውን ቅጂ በግራ ጆሮ፣ ሚዲውን በቀኝ ጆሮ አድርጎ በሄድፎን ማዳመጥ ነው። የተሳሳተ ኖታ ወዲያው ይቆረቁራል። የፓይተን ጥቅሉ ሚዲውን ወደ ድምፅ ቀይሮ የማስቀመጥ አማራጭ ስላለው ለዚህ ሌላ ሶፍትዌር እንኳ አያስፈልግም።

ምቱን ማን ይቁጠር?

አሁን ወደማይሠራው ግማሽ። ቤዚክ ፒች ኖታው በስንተኛው ሰከንድ እንደጀመረ ያውቃል፤ በስንተኛው ባር፣ በስንተኛው ምት ላይ እንዳለ አያውቅም። ሌላ ካልተነገረው የሚዲ ፋይሉን የሚጽፈው ቴምፖው 120 እንደሆነ አድርጎ ነው። ሙዚቃው በ92 የሚሄድ ከሆነ እውነተኛው ሩብ ኖታ 652 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ፋይሉ ደግሞ ሩብ ኖታ 500 ነው ይላል። እያንዳንዱ ሩብ 1.3 ሩብ ሆኖ ይጻፋል ማለት ነው። ሙዝስኮር የሚባለው የኖታ መጻፊያ ሶፍትዌር ያንን ሲከፍተው ነጥብ፣ ቅስት፣ ሠላሳ ሁለተኛ ኖታና ሩብ ዕረፍት እየደራረበ ሊገልጸው ይሞክራል። ያ የኖታ ጫካ የሚባለው ይህ ነው፤ የከፍታ ስህተት ሳይሆን የቆጠራ ስህተት።

የሚስተካከለው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቴምፖውን ይለኩ። ሰዓት መቁጠሪያውን ሲያስነሡ የሚሰሙት ምት «ዜሮ» ነው እንጂ «አንድ» አይደለም፤ እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው። 32ኛው ምት ላይ ያቁሙት። 20.9 ሰከንድ ካለ 32 በ60 ተባዝቶ ለ20.9 ሲካፈል 92 ገደማ ይመጣል። ይህን ቁጥር በቤዚክ ፒች የሚዲ ቴምፖ ቅንብር ላይ ያስገቡ። ከዚያ የድምፅ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያለውን ዝምታ ቆርጠው የመጀመሪያው ባር የመጀመሪያ ምት ልክ ዜሮ ላይ እንዲውል ያድርጉ። ሙዚቃው ከባሩ በፊት ባለ መንደርደሪያ ኖታ የሚጀምር ከሆነ ዝምታ መጨመር ነው የሚያስፈልገው፦ በ92፣ በአራት ምት ባር፣ መንደርደሪያው አንድ ምት ከሆነ ኖታው በ1.957 ሰከንድ ላይ መጀመር አለበት፤ ሦስት ምት ባዶ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ተጫዋቹ በክሊክ (በሜትሮኖም ቋሚ ምት) ከተጫወተ ነው። እየፈጠነ እየዘገየ፣ በስሜት የተጫወተውን አንድ ቁጥር አይገዛውም። እንዲህ ከሆነ ሚዲውንና ድምፁን አብሮ በሪፐር ወይም በመሰል ሶፍትዌር ከፍቶ የባር መስመሮቹን በየምቱ ላይ እየጎተቱ የቴምፖ ካርታ መሥራት ያስፈልጋል። አድካሚ ነው። ለአጭር ቁራጭ ደግሞ ሚዲውን እያዩ ኖታውን በእጅ መጻፍ ይፈጥናል፤ ከፍታው ተፈልጎ ስለተገኘ ሥራው ግማሹ አልቋል።

ከሚዲ ወደ ኖታ

ሙዝስኮር ነፃ ስለሆነና ሚዲን ስለሚከፍት ተፈጥሯዊ መድረሻ ነው። ከመክፈትዎ በፊት ምርጫዎቹ ውስጥ የማስገቢያ ገጹን ያግኙና አጭሩን ኖታ ይወስኑ። በሙዚቃው ውስጥ ያለው አጭሩ ስምንተኛ ከሆነ ስምንተኛ፣ አሥራ ስድስተኛ ከሆነ አሥራ ስድስተኛ። ሠላሳ ሁለተኛ መስጠት ትክክለኛነትን አይጨምርም፤ የተጫዋቹን ጥቃቅን መዘግየት ሁሉ ወረቀት ላይ ያሰፍራል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የሰው ውሳኔ ነው። ሚዲ ሲ ሻርፕንና ዲ ፍላትን አይለይም፤ ሁለቱም በመካከለኛው ኦክቴቭ 61 ቁጥር ናቸው። የኪ ምልክቱን (በመስመሩ መጀመሪያ ላይ የሚጻፉትን ሻርፕና ፍላት) አስቀድሞ ማስተካከል አብዛኛውን ያቃናል፤ የቀረውን ኖታውን መርጦ የጄ ቁልፍን በመጫን ስሙን መቀየር ይቻላል። የጊታርና የቤዝ ጊታር ኖታ ከሚሰማው አንድ ኦክቴቭ ከፍ ብሎ ነው የሚጻፈው፤ ሚዲው ግን የሚሰማውን ነው የሚያመጣው፣ ስለዚህ መሣሪያውን በትክክል መሰየም ያስፈልጋል። ለፒያኖ ግራና ቀኝ እጅን ማንም አይለይልዎትም፤ በመካከለኛው ሲ ላይ መቁረጥ መነሻ እንጂ መልስ አይደለም፣ እጆች ይሻገራሉና። ፔዳልም የለም። የተንሸራተተ ድምፅ መረጃው በሚዲው ውስጥ ቢኖርም በኖታ ጽሑፉ ላይ አይታይም፤ በእጅ ምልክት ማድረግ ነው።

ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ

ሥራዎ የፒያኖ ብቻ ቅጂ ከሆነ ቤዚክ ፒች የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የለበትም። የባይትዳንስ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጡት የፒያኖ ሞዴል የተሠለጠነው ማኤስትሮ በተባለው፣ ወደ 200 ሰዓት በሚሆን የፒያኖ ጨዋታ ስብስብ ላይ ነው። የቁልፍ አመታቱን በተሻለ ጥራት ይይዛል፤ ፔዳሉንም ይጽፋል። ከፒያኖ ውጭ ግን አይሞከርም። የጉግል ኤምቲ3 ብዙ መሣሪያዎችን በአንዴ እየለየ ለመጻፍ ይሞክራል፤ ሐሳቡ ያምራል፣ ሆኖም አንዱን ዜማ ግማሹን ለጊታር ግማሹን ለፒያኖ የማደል ልማድ አለው። ሜሎዳይን ለኖታ ሳይሆን ድምፅ ለማረም የተሠራ ቢሆንም የለየውን ኖታ በእጅ የማረጋገጫ መንገዱ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ሚዲም ያወጣል። አንተምስኮር ደግሞ የድምፁን ሥዕል ከኖታዎቹ ጋር ደራርቦ ስለሚያሳይ ስህተቱን በዓይን ለመያዝ ይመቻል። ለሰው ድምፅ፣ ለጊታር፣ ለቤዝ፣ ለተለያየ ንፋስ መሣሪያ፣ ያለ ምንም ወጪ፣ ቤዚክ ፒችን የሚተካ ማግኘት ግን ይከብዳል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ያረሙትን ኖታ ወደ ሌላ ሶፍትዌር ሲያዛውሩ እንደገና በሚዲ እንዳያስቀምጡት። የሻርፕና የፍላት አመራረጥዎ፣ የእጅ ክፍፍሉ፣ ቅስቱ፣ ጽሑፉ ሁሉ ይጠፋል። ሙዚክኤክስኤምኤል በተባለው የኖታ ጽሑፍ ፋይል ዓይነት ያስቀምጡት።